ከራያ ወንጭፍ እስከ ባለ ሽቦው አውሮፕላን

የማሽላው ፍሬ ወተት መቋጠር በሚጀምርበት ወቅት ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ በተዘረጋው ማሳ መካከል ከእንጨት የተሠሩ ማማዎች ቆመው ያያል። በማማው ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ልጅ ቆሞ ወፍ ይጠብቃል። መሣሪያው ከቃጫ ወይም ከጨርቅ የተገመደ ወንጭፍ፣ በእግሩ ሥር የተከመረ ጠጠርና የደረቀ የጭቃ ድቡልቡል፣ አልፎ አልፎም ጅራፍ ነው። ሥራው ጨዋታ አይደለም። ግሪሳ ወፍ ክብደቱ 20 ግራም እንኳ የማይሞላ ቢሆንም በቀን 10 ግራም ያህል እህል ሊበላ ይችላል። አንድ ሚሊዮን ወፎች ያሉት መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያህል ማሽላ ያጠፋል ማለት ነው። በመሆኑም በራያ ቆላ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በከፊል በዚያ ልጅ ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከዚህ ማሳ እጅግ ርቀው በሚገኙ አገሮች ደግሞ ወጣቶችም አዛውንቶችም በሳር ሜዳ መካከል ቆመው፣ በሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች የታሰረ አነስተኛ አውሮፕላን በዙሪያቸው እያበረሩ በሰማይ ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘንና ስምንት ቁጥር ሲሥሉ ይውላሉ። ይህ ባለ ሽቦ ሞዴል አውሮፕላን የሚባለው ስፖርት ነው። የሬዲዮ መቆጣጠሪያ የለውም፤ ካሜራም የለውም። አብራሪውን ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ ሽቦዎች ብቻ ናቸው። የእነዚህን ሁለት ሰዎች፣ የማማውን ልጅና የሜዳውን አብራሪ፣ ሥራ የሚገዛው የፊዚክስ ሕግ አንድ ዓይነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለ ሽቦውን አውሮፕላን ለአንባብያን ማስተዋወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚበር ማስረዳት፣ እንዲሁም እንዲህ ያለ አውሮፕላን በቆቦ ሜዳ ላይ ቢነሣ ምን እንደሚገጥመው በስሌት ማሳየት ነው።

በገመድ የታሰረ ድንጋይ

አንድ ወጣት 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ወንጭፍ 50 ግራም የሚመዝን ድንጋይ በሴኮንድ ሦስት ዙር ያሽከረክራል እንበል። የድንጋዩ ፍጥነት በሴኮንድ 15 ሜትር ይሆናል። ድንጋዩ በክብ መንገድ እንዲዞር የሚያስፈልገውን ወደ መሐል የሚስብ ጉልበት ለማግኘት መጠነ ቁሱን በፍጥነቱ ካሬ አባዝተን ለሬዲየሱ ማካፈል በቂ ነው። ውጤቱ 14 ኒውተን ያህል ነው። የድንጋዩ ክብደት ግን ግማሽ ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንጭፉ ድንጋዩን ከክብደቱ ወደ 29 እጥፍ በሚጠጋ ጉልበት ወደ መሐል ይስበዋል። የልጁ ጣት ላይ የሚሰማው መወጠርም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ በክፍል ውስጥ በየዓመቱ የሚያጋጥመኝን አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ማንሣት እወዳለሁ። ተማሪዎችን «ገመዱ ቢበጠስ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ «ከመሐል ወደ ውጭ በቀጥታ ይሸሻል» ይላሉ። ከመካከላቸው ወንጭፍ ወርውሮ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን እንዲህ ብሎ አይመልስም። ወንጭፍ ወርዋሪ ገመዱን የሚለቀው ድንጋዩ ከወፉ ትይዩ ሲደርስ ሳይሆን ከዚያ ሩብ ዙር ቀደም ብሎ ነው። ድንጋዩ ሲለቀቅ በዚያች ቅጽበት ይጓዝበት በነበረው አቅጣጫ፣ ማለትም ክቡን በአንድ ነጥብ ብቻ በሚነካው ቀጥታ መስመር ላይ ይሄዳል። ልጁ ይህን በቀመር ላይገልጸው ይችላል፤ እጁ ግን ያውቀዋል። ካላወቀው ማሽላው ይበላል።

የወንጭፍን አሠራር ልብ ብሎ ለተመለከተ ሌላም ቁም ነገር አለ። ወንጭፍ ሁለት ገመዶች አሉት። አንደኛው በጣት ላይ በቀለበት ይታሰራል፤ ሁለተኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተይዞ በሚፈለገው ቅጽበት ይለቀቃል። ወርዋሪው ድንጋዩን የሚያዝዘው በሁለቱ ገመዶች መካከል ልዩነት በመፍጠር ነው። ባለ ሽቦው አውሮፕላንም እንዲሁ ሁለት ሽቦዎች አሉት፤ ትእዛዙም የሚተላለፈው በሁለቱ መካከል በሚፈጠር ልዩነት ነው። ልዩነታቸው አብራሪው ከቶ አለመልቀቁ ነው።

ከአንድ ሽቦ ወደ ሁለት

የዚህ ስፖርት መነሻ በአሜሪካ የኦሬገን ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ኦባ ሴንት ክሌር የተባለ ሞዴል ሠሪ «ሚስ ሸርሊ» ብሎ የሰየመውን አውሮፕላን ከመሬት ሆኖ በሽቦ ተቆጣጥሮ አበረረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሞዴል ፋብሪካ የነበረው ጂም ዎከር «ፋየርቦል» የተባለውን ኪት ለገበያ አቀረበ፤ ዘዴውንም «ዩ ኮንትሮል» ብሎ በመሰየም እ.ኤ.አ. በ1942 የፈጠራ መብት አገኘበት። ዎከር ስፖርቱን በማስፋፋት ረገድ ተወዳዳሪ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1955 በተካሄደ የፍርድ ቤት ክርክር ሴንት ክሌር ቀደም ብሎ የሠራው አውሮፕላን በማስረጃነት ቀርቦ የዎከር የፈጠራ መብት ውድቅ ሆነ። ለሳይንስ ታሪክ ፍላጎት ያላቸው አንባብያን አንድን ነገር መፍጠርና ያንኑ ነገር ለሰው ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ ይገነዘባሉ።

የመሣሪያው ልብ ቤልክራንክ የምትባል፣ በክንፉ መካከል በአንድ ምሰሶ ላይ የምትወዛወዝ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሳህን ናት። ሁለቱ ሽቦዎች ከአብራሪው እጀታ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ ተነሥተው በግራው ክንፍ ውስጥ አልፈው በሳህኗ ሁለት ጫፎች ላይ ይታሰራሉ። ከሳህኗ ሦስተኛ ጫፍ የሚነሣ ቀጭን ዘንግ ደግሞ በጅራቱ ላይ ካለው ኤሌቬተር ከሚባለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ጋር ይያያዛል። አብራሪው እጀታውን ወደ ላይ ሲያዘነብል አንደኛው ሽቦ ይሳባል፣ ሳህኗ ትዞራለች፣ ዘንጉ ኤሌቬተሩን ያነሣዋል፣ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ወደ ላይ ያደርጋል። ወደ ታች ሲያዘነብል የዚህ ተቃራኒ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ውስብስብ ነገር የለውም።

ዘዴው የሚሠራው ግን ሽቦዎቹ እስከተወጠሩ ድረስ ብቻ ነው። የላላ ሽቦ ትእዛዝ አያስተላልፍም። ወንጭፍም ቀስ ብሎ ከዞረ ድንጋዩ ከማረፊያው እንደሚወድቅ ሁሉ፣ አውሮፕላኑም ፍጥነቱን ካጣ ከአብራሪው እጅ ወጣ ማለት ነው። በመሆኑም የሞዴል ሠሪዎች ብልሃት ሁሉ የሚያተኩረው ውጥረትን በመጠበቅ ላይ ነው። ሞተሩን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ክቡ ውጭ ያዞሩታል። በውጭኛው ክንፍ ጫፍ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ይቀብራሉ፤ ይህም የሽቦዎቹን ክብደት ያካክሳል። የውስጠኛውን ክንፍም ከውጭኛው በጥቂቱ ያስረዝሙታል። የመጨረሻው ነገር እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ቀላል ነው። በ20 ሜትር ሽቦ ላይ ለሚዞር፣ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ሜትር ለሆነ አውሮፕላን፣ ውጭኛው የክንፍ ጫፍ በ20.7 ሜትር፣ ውስጠኛው በ19.3 ሜትር ሬዲየስ ይዞራሉ። ክንፍን ወደ ላይ የሚያነሣው ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ በሁለቱ ጫፎች መካከል የ15 በመቶ ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱ ካልተስተካከለ አውሮፕላኑ ወደ አብራሪው ያዘነብላል፤ ሽቦውም ይላላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ለትርኢት በረራ የሚሠራ የተለመደ ሞዴል ክብደት 1.5 ኪሎ ግራም፣ የሽቦው ርዝመት 20 ሜትር፣ አንድ ዙር የሚፈጅበት ጊዜ 5.2 ሴኮንድ ነው እንበል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 24 ሜትር፣ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሽቦው ስበት 44 ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህም የአውሮፕላኑን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህላል። ለአብራሪው 4.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በአንድ እጁ የመያዝ ያህል ይሰማዋል።

አውሮፕላኑ ከአብራሪው አናት በላይ ሲደርስ ሁኔታው ይለወጣል። እዚያ ላይ የመሬት ስበት አውሮፕላኑን ወደ አብራሪው ስለሚጎትተው የሽቦው ውጥረት ወደ 29 ኒውተን ይወርዳል። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ14 ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ውጥረቱ ጨርሶ ይጠፋል። ይህን ቁጥር ማንኛውም የ11ኛ ክፍል ተማሪ የ9.8ንና የ20ን ብዜት ካሬ ሩት በማውጣት ሊያገኘው ይችላል። በፈተና ወረቀት ላይ «በቀጥ ያለ ክብ መንገድ የሚሽከረከር ባልዲ ውኃው እንዳይፈስ...» ተብሎ የሚቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው፤ እዚህ ግን መልሱን የሳተ ሰው የብዙ ሳምንት ሥራው ከሰማይ ይወርድበታል።

የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የባለ ሽቦ ሞዴሎችን ውድድር በየዘርፉ ከፋፍሎታል። ከእነዚህ መካከል የትርኢት በረራው ዘርፍ ሽቦው ከ15 እስከ 21.5 ሜትር እንዲሆን ያዝዛል። ተወዳዳሪው በ7 ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ፣ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን፣ ስምንት ቁጥርና ባለ አራት ቅጠል አበባ መሰል ቅርጾችን በሰማይ ላይ ሠርቶ ማረፍ አለበት። የፍጥነት ዘርፉ ሽቦ ደግሞ ልክ 17.69 ሜትር ነው። ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ያልገባው አንባቢ ዘጠኝ ዙር ምን ያህል ርቀት እንደሚሆን ያስላ።

በእነዚህ ቅርጾች ውስጥ ከባዱ የአራት ማዕዘኑ ጥግ ነው። አውሮፕላኑ በሴኮንድ 24 ሜትር እየበረረ በ3 ሜትር ሬዲየስ ቢታጠፍ፣ ክንፉ የአውሮፕላኑን ክብደት 20 እጥፍ መሸከም ይኖርበታል። 1.5 ኪሎ ግራም የነበረው ሞዴል ለዚያች ቅጽበት 30 ኪሎ ግራም ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆርጅ አልድሪች የተባለ አሜሪካዊ «ኖብለር» በተሰኘው ሞዴሉ ለዚህ ችግር የሰጠው መፍትሔ ዛሬም መሠረታዊ ሆኖ ይሠራበታል። ክንፉን ወፍራምና ላይና ታቹ እኩል የሆነ አደረገው፤ ይህም አውሮፕላኑ ተገልብጦም እኩል እንዲበር ያስችለዋል። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይም ፍላፕ አበጅቶ ከኤሌቬተሩ ጋር አያያዘው። ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ሲል ፍላፑ ወደ ታች ይላል፤ ክንፉም በሚታጠፍበት ቅጽበት ተጨማሪ አንሺ ጉልበት ያገኛል።

ኪቱ በጠረጴዛ ላይ

ኪት ማለት የአውሮፕላኑ ክፍሎች ተቆርጠው፣ ነገር ግን ሳይገጣጠሙ በአንድ ሣጥን የሚሸጡበት ነው። በውስጡ የክንፉ የጎድን አጥንቶች፣ ረጃጅም ተሸካሚ ዘንጎች፣ ለሞተር ማሰሪያ የሚሆን ጠንካራ እንጨት፣ ቤልክራንክ፣ የመንኮራኩር ሽቦና በእውነተኛ መጠኑ የተሣለ ፕላን ይገኛሉ። እንጨቱ በአብዛኛው ባልሳ ነው። ባልሳ በተለይ ከኢኳዶር የሚመጣ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው በተለምዶ 160 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። የውኃን ክብደት አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው።

ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርኩባቸው ዓመታት ከአንድ የሞዴል ክበብ አባላት ጋር እንዲህ ያለ ክንፍ ስገጣጥም፣ ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ማጣበቁ ሳይሆን ማቃናቱ መሆኑን ተመልክቻለሁ። ፕላኑ በፍጹም ልሙጥ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፤ የጎድን አጥንቶቹ በየቦታቸው በመርፌ ይተከላሉ፤ ሙጫው እስኪደርቅ ማንም አይነካቸውም። ጫፉ በሁለት ሚሊ ሜትር የተጣመመ ክንፍ በጠረጴዛ ላይ ጤነኛ ይመስላል፤ በአየር ላይ ግን በአንድ ወገን ብቻ ያነሣል። ክንፉ በስስ ወረቀት ወይም በሐር ተሸፍኖ ዶፕ የሚባል ቀለም ሲቀባ ሽፋኑ እየተኮማተረ ይወጠራል፤ ያልቀና አጥንትም በዚህ ጊዜ ይበልጥ ይጣመማል። ከበሮ ሠሪ ቆዳውን ሲወጥር የሚያደርገውን ጥንቃቄ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሞተሩ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የቆየው ዓይነት ከሜታኖል፣ ከዘይትና ከጥቂት ናይትሮሜቴን በተቀላቀለ ነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ዘይቱ ለረጅም ዘመን የጉሎ ዘይት ነበር፤ ዛሬም ብዙዎች ከእሱ ሌላ አያምኑም። የጉሎ ዘይት በከፍተኛ ሙቀት ላይ ማለስለሱን አይተውም። እናቶቻችን በጋለ ምጣድ ላይ ጉሎ የሚያሹት በኬሚስትሪ መጽሐፍ ተመርተው አይደለም፤ ነገር ግን የሚጠቀሙበት ባሕርይ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። አዲሱ ዓይነት በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በውድድር ሜዳዎችም ቦታ አግኝቷል። ሜታኖል መርዛማና በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ለትምህርት ቤት የኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ።

ኪት ከውጭ ማስገባት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኪት ማለት ዘበት ነው። እኔ የምለው፣ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ኪት ቢያገኝ፣ ከመገጣጠሙ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በካርቶን ላይ ገልብጦ ይያዝ። ኪቱ አንድ አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ የልብስ ሰፊ ልክ ነው። ሁለተኛው አውሮፕላን ከአገር ውስጥ እንጨት ሊሠራ ይችላል። ኮርች ለስላሳና ቀላል ነው፤ የደረቀ የቃጫ አበባ ግንድም እንዲሁ። ሁለቱንም ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ሚዛንና ማስመሪያ ብቻ ነው፤ ይዘትንና መጠነ ቁስን ለክቶ እፍግታን ማስላት የ9ኛ ክፍል ትምህርት ነው።

የቆቦ አየር

ቆቦ «ቆላ» ብትባልም ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 84 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ላይ የቀኑ ሙቀት አለ። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ 0.98 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ በባሕር ወለል መደበኛ የሚባለው ግን 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ክንፉ የሚደገፍበት አየር በአንድ አምስተኛ ሳስቷል ማለት ነው። ማለዳ ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን፣ ሁኔታው በጥቂቱ ይሻላል፤ ጉድለቱ ወደ 16 በመቶ ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለመብረር ለሚያስብ ሰው ጉድለቱ ሩብ ያህል ስለሆነ ቆቦዎች የሚያማርሩበት ምክንያት የለም።

የዚህን ውጤት በጥንቃቄ እንመልከት። ተመሳሳይ አንሺ ጉልበት ለማግኘት አውሮፕላኑ በ12 በመቶ ፈጥኖ መብረር አለበት። የዙሩ ጊዜ ከ5.2 ወደ 4.6 ሴኮንድ ይወርዳል፤ የሽቦው ስበትም ከ44 ወደ 55 ኒውተን ያድጋል። ሞተሩም በሳሳው አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ይህን ተጨማሪ ፍጥነት በቀላሉ አይሰጥም። ይሰጣል ብንል እንኳ፣ ብዙ ጀማሪዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። አውሮፕላኑ ሊታጠፍበት የሚችለው ትንሹ ሬዲየስ በፍጥነቱ አይወሰንም። ፍጥነቱ ሲጨምር ክንፉ የሚሰጠው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ጉልበትም እንዲሁ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ሁለቱ ይጣፋሉ። የሚቀሩት መጠነ ቁስ፣ የክንፍ ስፋትና የአየር እፍግታ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በባሕር ወለል በ3 ሜትር ይታጠፍ የነበረው ሞዴል በቆቦ ቀትር የሚታጠፈው በ3.75 ሜትር ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ብናጥፈውም ይህ አይሻሻልም። መድኃኒቱ ክብደት መቀነስ ወይም ክንፍ ማስፋት ብቻ ነው።

ከአገር ውስጥ እንጨት የተሠራው ሁለተኛው አውሮፕላን ደግሞ ከኪቱ በሩብ ያህል ቢከብድ፣ ሬዲየሱ ወደ 4.7 ሜትር ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ሞዴል ሹል ጥግ ያለው አራት ማዕዘን አይሠራም፤ ጥጉ ክብ ይሆናል። ክብና ስምንት ቁጥር ግን ያለ ችግር ይሠራል። ለዓለም ሻምፒዮና ዳኞች ይህ አይበቃም። ለራያ ተማሪዎች ከበቂ በላይ ነው።

የቆላው ሰማይ

እስካሁን ስለ አየሩ እንጂ ስለ ሰማዩ አልተናገርንም። በዚህ አካባቢ ሰማይ ዝም ብሎ ሰማይ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተካሄደው የማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ኮረም ያፈገፍግ በነበረው የኢትዮጵያ ጦር ላይ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ከጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወርዶበታል። አሸንጌ ከቆቦ ሩቅ አይደለም። በዚያው በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን እጅ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

ቀጥሎ የመጣው አውሮፕላን ወዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ቢቨር በተባሉ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች በአንበጣና በግሪሳ ወፍ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ኖሯል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ የራያን ማሽላና ጤፍ ሲያወድም ገበሬው ሰማይ ሰማይ ያየው ይህንኑ አውሮፕላን በመጠበቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጦርነት በአካባቢው ደጋግሞ አልፏል፤ «ሰው አልባ አውሮፕላን» የሚለውን ቃል ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል።

ይህን የማነሣው ለሐዘን አይደለም፤ ለሥራው አስፈላጊ ስለሆነ ነው። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ወደ አየር የሚያነሣ ክበብ አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ ለቀበሌውና ለፀጥታ አካላት ማሳወቅ፣ ፈቃድም መጠየቅ አለበት። ለጎረቤትም መንገር ያስፈልጋል። አንዲት እናት የሞተር ድምፅ ሰምታ ልጆቿን ይዛ ወደ ቤት እንድትሮጥ የሚያደርግ የሳይንስ ትርኢት ባይደረግ ይሻላል። የአካባቢው ሁኔታ ካልፈቀደም ኪቱ በሣጥኑ ይቆይ፤ ባልሳ አይበላሽም። ሲፈቅድ ደግሞ ባለ ሽቦው ሞዴል ከሬዲዮዎቹ የሚለይበትን ነገር ማስረዳት ቀላል ነው። ከ20 ሜትር አይርቅም፤ ማን እንደያዘው ለሁሉም ይታያል። ይህ ሕዝብ እስከ ዛሬ በሰማዩ ያየው አውሮፕላን ሁሉ ማን እንደሚመራው የማይታይ ነበር።

በአገራችን ሙሉ መጠን ያለው አውሮፕላን በግል ለመሥራት የሞከሩ ሰዎች አልጠፉም። አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር የሚሠራ ኬ-570ኤ የተባለ አውሮፕላን በራሳቸው እጅ ሠርተው በ2007 ዓ.ም. ለማንሣት ያደረጉት ሙከራ ባይሰምርም የብዙዎችን አድናቆት አትርፏል። ድፍረታቸውን የሚያደንቅ ወጣት በ1.5 ኪሎ ግራም ቢጀምር የክንፍ፣ የሚዛንና የፕሮፔለር ትምህርቱን በትንሽ ዋጋ ያገኘዋል፤ ሲወድቅም የሚሰበረው እንጨት ብቻ ነው።

ሜዳውና የመጀመሪያው በረራ

በ20 ሜትር ሽቦ የሚበር ሞዴል የሚጠርገው ክብ ከ40 ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ የትምህርት ቤት እግር ኳስ ሜዳ ይበቃዋል። ከሁሉ በፊት የሚታየው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሽቦዎቹ የብረት ናቸው፤ ውፍረታቸው 0.4 ሚሊ ሜትር ባይሞላም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ከፍተኛ ኃይል ባለው መስመር አጠገብ ማብረር ሞት ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ደመና ሲያጉረመርምም እንዲሁ። ተመልካች ከክቡ ውጭ፣ ከአንድ ወገን ብቻ፣ ርቆ ይቁም። ሽቦ ቢበጠስ አውሮፕላኑ የሚሄደው ከአብራሪው በተቃራኒ ሳይሆን ክቡን በሚነካው መስመር ስለሆነ «እኔ ከጀርባው ነኝ» ብሎ መዝናናት አይቻልም። እጀታውም በጠንካራ ማሰሪያ ከአብራሪው አንጓ ጋር ይታሰራል። የዞብል ተራራን ተሻግሮ ፀሐይ ከመጠንከሩ በፊት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል፤ አየሩ ወፈር ያለ፣ ነፋሱም ገና ያልተነሣ ነው።

ጀማሪ በትርኢት ሞዴል አይጀምርም። አካሉ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ብቻ የሆነ፣ 10 ሜትር በሚሆን ሽቦ የሚበር ትንሽ ሞዴል ይበቃዋል። ከዚያም በፊት ሞተር የሌለውን መሞከር ይቻላል፤ ከካርቶን የተሠራ ተንሸራታች በ3 ሜትር ሲባጎ ታስሮ በእጅ ሲዞር ይበራል። ሲባጎውን ከስፕሪንግ ሚዛን ጋር አያይዞ የአሥር ዙርን ጊዜ በስልክ መለካት፣ ከዚያም ስበቱን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር በግራፍ ማነጻጸር አንድ ሙሉ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤትም ይሠራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያበርር ሰው ከሦስት አራት ዙር በኋላ ይዞርበታል። መፍትሔው ዓይንን ከአውሮፕላኑ አለመንቀል ነው፤ በስተጀርባው የሚሮጠውን ዛፍና ቤት የሚያይ ሰው ይወድቃል። ጀማሪው ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ ከእጅ አንጓው ይልቅ ከትከሻው እያዘዘ፣ ደረጃ ባለ በረራ አሥር ዙር ቢጨርስ ለአንድ ቀን ይበቃዋል። ሞተሩ ሲቆም አውሮፕላኑ ወዲያው አይወድቅም፤ እየተንሸራተተ አንድ ዙር ያህል ይጓዛል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሽቦው መላላት ከጀመረ፣ አብራሪው ወደ ኋላ እየተራመደ እጁን ከአውሮፕላኑ ቀደም አድርጎ በክብ ይስበዋል። ሽቦው በጥቂቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ስበቱ ከፊሉ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ያለ ሞተር ተጨማሪ ግማሽ ዙር ይበርና በለስላሳው ሳር ላይ ያርፋል። በክበቡ የነበሩት ሰዎች ይህን የእጅ እንቅስቃሴ ለጀማሪዎች ለማስተማር ብዙ ቅዳሜዎች ይፈጅባቸው ነበር። የማማው ልጅ ግን ድንጋዩን የሚያፈጥነው በዚሁ እንቅስቃሴ ነው።